ኮልድ የደረሳቸው ሰው

በዚያች እሑድ ከቀትር በኋላ ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ማን ማን እንደነበርን አንድ በአንድ ልናገር፤ አንድ ሰው ከተዘለለ ነገሩ ይዛባል።

የመጀመሪያው ልብስ ሰፊው ነው። ሱቁ ደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባው ቅያስ፣ በግራ በኩል ሁለተኛው በር ነበር። አርባ ዓመት ይሆነዋል። ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም፤ ሌላው ስቆ ሲጨርስ ነው እሱ ቀና የሚለው። ሁለተኛዋ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበረች፤ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ልብስ ሰፊው «ሲስተር» ሲላት የነርስ ማዕረግ መሆኑን እያወቀች አታርመውም። ሦስተኛው የቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ነው። የቀበሌው ደብዳቤ የሚታተምበት ማኅተም እሱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የክበባችን ሰብሳቢም እሱ ነው። አራተኛው የኔታ ናቸው። ከቦሩ ሜዳ ማዶ ካለ ገጠር የመጡ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ እስላሙ ልብስ ሰፊ ሳይቀር «የኔታ» ይላቸዋል። ጸሐፊው ብቻ «ጓድ» ይላቸው ነበር። አምስተኛው እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። እጄ ጽሑፍ ላይ ጥሩ ስለሆነ የክበቡን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ዓመቱ ዝናብ ጠፍቶ ሰው ከየገጠሩ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የፈሰሰበት ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው ከመንገድ እየተነሣ ወደ ሰፈራ ይጫን ነበር። የኔታ መታወቂያ አልነበራቸውም። ስምንት ዓመት ከሚሆናት ሴት ልጃቸው ጋር አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ተጠግተው ነበር የሚያድሩት። ኮምቦልቻ ላይ የእርዳታ እህል የሚከማችበት መጋዘን ነበር፤ በከረጢቱና በካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንብቦ የሚለይ አንድ ሰው ይፈልጋል መባሉን ሰምተናል። ለዚያ ሥራ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው በቀበሌው መዝገብ ይገባል፤ መዝገብ የገባ ሰው አይጫንም። የኔታ እንግሊዝኛ ሊማሩ ወደኛ የመጡት ለዚህ ነው። ይህን ሁላችንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናውቅ ነበር። ያንን ሥራ እኔም እፈልገው ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ክበባችን በቀበሌው «የእንግሊዝኛ ቋንቋ ጥናት ክበብ» ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን አምስት ሰው ያለ ፈቃድ በር ዘግቶ መቀመጥ የሚሞከር ነገር አልነበረም። ፈቃዱን ያመጣው ጸሐፊው ስለሆነ ሥርዓቱንም ያወጣው እሱ ነው። ከቀበሌው የውይይት ክበብ እንዳለ የወሰደው ሥርዓት ነበር፦ መጀመሪያ ጥናት፣ ቀጥሎ ሂስ፣ ቀጥሎ ግለ ሂስ፣ በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ተነብቦ ፊርማ። እንግሊዝኛ የተሳሳተ ሰው ታርሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሌሎቹ እየተነሡ ይተቹታል፤ ከዚያ እሱ ራሱ ተነሥቶ ስንፍናው ከየት እንደመጣ ይናዘዛል። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው «ቃሉን አጣምሜ የተናገርኩት ካደረብኝ የንዑስ ከበርቴ አመለካከት የተነሣ ነው፤ ወላሂ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ። ጸሐፊው ሳይስቅ አጨበጨበለት።

መዝገበ ቃላቱ አንድ ብቻ ነበር። ሽፋኑም የመጀመሪያው ፊደል ገጾችም የሉትም። በየሁለት ቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የምናጠናውን ቃል የምናወጣው በዕጣ ነው፤ ልብስ ሰፊው የልብስ ቁልፍ የሚያስቀምጥበትን ቆርቆሮ አራግፎ ቃላት የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ይጨምርበታል። ቃል የደረሰው ሰው የቃሉን ትርጉምና አገልግሎት አንድ ሳያስቀር ይዞ መምጣት አለበት። እኔን ግመል ደረሰኝ። ግመል በእንግሊዝኛም ግመል ብቻ ነው፤ ሁለት መስመር። የኔታን «ኮልድ» ደረሳቸው። አንድ ሙሉ ገጽ ከሩብ።

የኔታ ያንን ገጽ የያዙት ዳዊት በሚያዝበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብለው እያነበነቡ ወረዱት፣ ቀጥሎ በዜማ ወረዱት፣ በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ወረዱት። ወረቀት ስላልነበራቸው አልጻፉትም። በሁለተኛው እሑድ ተነሡና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አግብተው ጀመሩ።

«ኮልድ፣ ብርድ። ኮልድ፣ ቀዝቃዛ። ኮልድ፣ ጉንፋን። ኮልድ፣ ፍቅር የሌለው ሰው። ኮልድ፣ የቆየ ዱካ፣ አዳኝ ውሻ የማያሸተው። ኮልድ እግር፣ ፍርሃት። ኮልድ ትከሻ፣ ሰውን ፊት መንሣት። በኮልድ ደም መግደል፣ ሳይቆጡ መግደል...»

እንዲህ እያሉ ሃያ ሦስቱንም ትርጉም ወረዱ። አንድ አልሳቱም። ልብስ ሰፊው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ እኔ ጥያቄ አለኝ አልኩ።

«የኔታ፣ አሥራ አራተኛው ምንድን ነው?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በለሆሳስ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ «ኮልድ፣ ብርድ። ኮልድ፣ ቀዝቃዛ...»

«ከመጀመሪያው አላልኩም የኔታ። አሥራ አራተኛውን ብቻ።»

«እሱን ልደርስበት ነው የኔ ልጅ።»

«በቀጥታ አይደርሱበትም?»

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ሳይነሣ «የሐረጎ መንገድ አውቶብስ ናቸው እንዴ፣ ከመናኸሪያ ካልተነሡ መንገድ የማይዙ!» አለ። ድሬሰሯ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጸሐፊው ሳቀ። የኔታም ሳቁ፤ ከዚያ ግን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ እኛ እየሳቅን፣ አሥራ አራተኛው ላይ ደርሰው ቆሙ። «ጌታ ሆይ፣ ይኸው ደረስሁ» አሉ። ግንባራቸው አልቦት ነበር።

ያቺን ጥያቄ ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ጠየቅኳቸው። አንድ ቀን ዘጠነኛውን፣ አንድ ቀን ሃያ አንደኛውን። ስህተታቸውን ሁሉ በትንሽ ደብተር እይዝ ነበር። የሌሎቹንም እይዝ ነበር፤ የእሳቸው ግን በዛ። ቀኑን፣ ቃሉን፣ የተሳሳቱበትን ድምፅ ሳይቀር እጽፋለሁ። ሂስ ሲደርስ ቆሜ አነባለሁ። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለነበር ሁሉም ጸጥ ብለው ያዳምጡኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በቃሉ ላይ ከሁላችን በላይ ያሰቡት እሳቸው ነበሩ። አንድ እሑድ ድሬሰሯ ተናደደች። «ትኩሳቱ አርባ የደረሰውን በሽተኛ ዶክተሩ ኮልድ ይዞታል ይላል። ሰውየው እየነደደ! እኔ መዳፌን ግንባሩ ላይ አድርጌ ተቃጥያለሁ» አለች።

የኔታ ረጋ ብለው «እነዚህ ሰዎች ውርጭ አያውቁም ማለት ነው» አሉ።

«እንዴት የኔታ? በረዶ ውስጥ ነው የሚኖሩት እኮ» አለ ጸሐፊው።

«ቢያውቁትማ ሁሉን ባንድ ስም ባልጠሩት። ብርድ ካንተ ጋር ይመጣል፣ ካንተ ጋር ቤት ይገባል። ቀዝቃዛ የምትነካው ነው። ጉንፋን ይይዝህና ይለቅሃል። ውርጭ ግን ጧት ተነሥተህ ስታይ ባቄላው ቆሞ ሞቷል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ስትነካው ይፈርሳል። ይህንና የቀዘቀዘ ሻይን ባንድ ስም የሚጠራ ሰው ባቄላ ዘርቶ አያውቅም።»

«እግራቸው ሲበርዳቸው ይፈራሉ መባሉስ?» አለ ልብስ ሰፊው። «እኛ አገር እግሩ የበረደው ሰው ጫማ የለውም ማለት ነው። እንዲያውማ የኔታ፣ እርስዎ እግርዎ ይበርድዎታል?»

ሁላችንም እግራቸውን አየን። አንደኛው ጫማ ላስቲክ ነበር፣ በገመድ የታሰረ። ሌላኛው የሌላ ሰው ነው፤ በሁለት ጣት ይሰፋቸዋል።

«ይበርደኛል» አሉ የኔታ።

«ፈሪ ነኝ በሉና እንገላገል!»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ «ጓዳዊ ቀልድ» ይለው ነበር። ቀጥሎ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ረጅም ማብራሪያ ሰጠ፤ ኮልድ ከሚለው ቃል እሱ የሚያውቀው አገልግሎት ያ ነበር። የኔታ በጥሞና አዳምጠው ሲጨርሱ «ጦርነቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰው አይሞትበትም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው «በሂስ ሰዓት እንመለስበታለን» አላቸው፤ ተመልሰንበትም ጥያቄው ኋላቀር ነው ተብሎ ተመዘገበ። የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ጨርቅ ሊገዛ ኮምቦልቻ ሲወርድ የኔታና እኔ አብረነው ሄድን። መጋዘኑን በዓይናችን ለማየት ነው። አውቶብሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሰው ኩርባ በኩርባ ልብሱን ያወልቃል፤ ሹራቡ ይወልቃል፣ ካፖርቱ ይወልቃል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁላችንም በሸሚዝ ነበርን። የኔታ ብቻ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው እንደተከናነቡ ነበሩ።

መጋዘኑ በር ላይ ፊቱ በፀሐይ የቀላ አንድ ፈረንጅ ቆሞ ከረጢት ያስቆጥራል። አጠገቡ ደረስን። ልናገር ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ሳምንቱን ሙሉ አጥንቼዋለሁ፤ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ትጋቴን የሚገልጽ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ፈረንጁ ትንሽ ጠበቀኝና ፊቱን ወደ የኔታ አዞረ። ጋቢያቸውን አይቶ እየሳቀ በእንግሊዝኛ «በርዶዎታል?» አላቸው።

አሁን ከመጀመሪያው ሊጀምሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልጀመሩም። በእንግሊዝኛ፣ በተሰባበረ ግን በሚገባ እንግሊዝኛ እንዲህ አሉት፦ «ደሴ ይበርዳል። ኮምቦልቻ አይበርድም። ግን ጌታዬ፣ ጋቢውን የማስቀምጥበት ቤት የለኝም።»

ፈረንጁ መሳቁን ተወ። ውስጥ ገብቶ በቆርቆሮ ኩባያ ውኃ አመጣላቸው። አንድ ካርቶን አንሥቶ በላዩ ያለውን ጽሑፍ አሳያቸው። የኔታ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ፤ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ የሚል ነበር። አንብበውም ፀሐይ ላይ የተቆለሉትን ካርቶኖች በጣታቸው አሳዩት። ፈረንጁ ወደ ሠራተኞቹ ጮኸ፤ ካርቶኖቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ «ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አላቸው። ወደኔ አልዞረም።

ስንመለስ ልብስ ሰፊው አውቶብሱ ውስጥ እጃቸውን ይዞ «የኔታ፣ አብሽሩ! አለቀልዎት። ያቺ ወረቀት ብቻ ነች እኮ የቀረችው» ይላቸዋል። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ላንተም አንድ ሥራ አይጠፋም የኔ ልጅ» አሉኝ። ደሴ እስክንደርስ ድረስ ደብተሬን ከኪሴ አውጥቼ ቁጥር ስሰጥ ነበር። አርባ ሰባት ስህተት ነበራቸው።

በማግሥቱ ነው መጀመሪያ የጠቀስኳት እሑድ። ጸሐፊው ደብዳቤው ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚጻፍና ክበቡ በሂስ አጣርቶ እንዲያቀርብ ተናገረ። «ጥያቄ ያቀረቡት ጓድ የኔታ ብቻ ናቸው? ሌላ አለ?»

እጄን አወጣሁ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ።

«አንተ ደግሞ ምን ጎደለህ?» አለኝ። «ቤት አለህ፣ እናት አለህ፣ መታወቂያ አለህ።»

«ሁሉም የመወዳደር መብት አለው» አለ ጸሐፊው።

ተነሣሁና አርባ ሰባቱን አነበብኩ። ከአንድ እስከ አርባ ሰባት፣ ሳልዘል። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሠላሳዎቹ ላይ ስደርስ ድሬሰሯ «ይበቃል፣ ገብቶናል» አለች። «ገና አልጨረስኩም» አልኳትና ቀጠልኩ። የኔታ በእያንዳንዱ ስህተት ራሳቸውን ወደ ታች ነቅነቅ ያደርጋሉ። ስጨርስ ላብ ላብ አላቸው። የትናንቱን የፈረንጁን ነገር ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ተናገረ፤ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ እንዲገባ አዘዘ። አስገባሁት፤ አንድ መስመር ነው።

«ግለ ሂስ» አለ ጸሐፊው። «ጓድ የኔታ፣ ይነሡ። ራስዎን ይገምግሙ። የደበቁት ነገር ካለ ይናገሩ፤ አብዮታዊ ሰው አይደብቅም።»

ይህችን የመጨረሻዋን አነጋገር ለሁላችንም በየሳምንቱ ይላታል። የንግግሩ ማሳረጊያ ነበረች፤ ማናችንም ሰምተናት አናውቅም። የኔታ ሰሟት። አርባ ሰባት ስህተት ሲነበብባቸው ቆይቷል፤ እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ሰው ኃጢአቱ ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን እንደ መስቀል አጣፉት። ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱንም። ወደ ጸሐፊው ሄደው ጎንበስ አሉ።

«አንድ አለኝ» አሉ። «ቃል ከመሳሳት የሚብስ ነው። ክረምቱ ሲገባ እኔም ሚስቴም ልጄም ኮምቦልቻ ላይ ለሰፈራ ተመዝግበን ነበር። አሻራዬን ሰጥቻለሁ። መኪናው ላይ ወጣን። ከሐርቡ ወዲህ ቦርከና ወንዝ ዳር መኪናው ሞተሩን ሊያበርድ ቆመ። ልጅቷ ጠማት። ላጠጣት ይዣት ወረድሁ። ሚስቴ እቃችንን ይዛ ቀረች። ውኃውን አጠጥቻት ቀና ስል ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ከግራሩ ኋላ ነበርሁ። ሚስቴ ስሜን እየጠራች ትጮሃለች። እግሬ አልነሣ አለኝ። እሷም ትወርዳለች ብዬ ነበር። አልወረደችም። መኪናው ሄደ። ሁለት ጊዜ ጮኸችልኝ፤ እኔ ግን አልወጣሁም። ልጂቱን አፏን ይዤ ነበር።»

አጎንብሰው እንደቆሙ ጠበቁ። የሚጠብቁት «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚል ሰው ነው። ጸሐፊው እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ጠረጴዛው ላይ አሳረፋቸው። በመጨረሻ «ጓድ፣ ይቀመጡ» አለ። የኔታ ቀና አላሉም። «ይቀመጡ ብዬ ነው» አለ እንደገና። ልብስ ሰፊው ነው ክንዳቸውን ይዞ ያስቀመጣቸው። «ያ ረቢ» ይል ነበር እያስቀመጣቸው።

እኔ በዚህ ጊዜ ሁሉ እየጻፍኩ ነበር። አሻራውን፣ ሐርቡን፣ ግራሩን።

ድሬሰሯ መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው። «ምን ትጽፋለህ አንተ?»

«የተባለውን።»

«ሰርዘው» አለ ልብስ ሰፊው።

«ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ቀበሌው አይቀበልም።»

«ገጹን ቅደደዋ! ወረቀት ነው እኮ።»

«ገጾቹ ቁጥር አላቸው።»

ሁሉም ጸሐፊውን አዩት። ያኔ አንድ ቃል ቢናገር እቀድደው ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ለራሴ የምለው ይህን ነው። እሱ ግን ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ እያየ «ቃለ ጉባኤው የያዡ ኃላፊነት ነው። እኔ የተጻፈውን ነው የማቀርብ» አለ። ፈርቶ ነበር። ከእኛ አንዱ ነገ ቀበሌ ሄዶ «ሰምቶ ደበቀ» ቢል የሚጠየቀው እሱ ነው።

እንደ ደንቡ አነበብኩት። ሁሉም እንዲፈርሙ ደብተሩን አዞርኩ። ልብስ ሰፊው ሳያይ ፈረመ። ድሬሰሯ ብዕሩን ወርውራ፣ ትንሽ ቆይታ አንሥታ ፈረመች። የኔታ ጋ ሲደርስ ጽሑፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው አነበቡት። የመምህርነት ነገር ሆኖባቸው፣ ሚስታቸው የጮኸችበት መስመር ላይ የዘለልኩትን አንድ ቃል በብዕሩ ከላይ ጨመሩልኝ። «ሁለት ጊዜ ነው የጮኸች» አሉ። ከዚያ ፈረሙ። ፊርማቸው ከሁላችን ፊርማ ያማረ ነበር።

ከላይ የተጨመረው ቃል ገጹን አበላሸው። ስለዚህ ያን ዕለት ቤቴ ሄጄ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ሁሉንም በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ቁጥር ያለው ገጽ ነው ያልኩትን ተውኩ፤ ቁጥሩንም አብሬ ገለበጥኩ። ያንን አንቀጽ ልተወው እችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። «ሁለት ጊዜ» የሚለውን በቦታው አስገብቼ ገለበጥኩት። ሰኞ ጧት እንደገና አስፈርሜ ለጸሐፊው ሰጠሁት፤ የኔታን ለማስፈረም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሄጃለሁ።

ረቡዕ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሄደው ወሰዷቸው። በዚያው ዕለት ደብዳቤው ለእኔ ተጻፈ።

ኮምቦልቻ ሥራ የጀመርኩት ዓርብ ነው። ፈረንጁ ደብዳቤዬን አየና «ባለ ጋቢው ሰውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይመጣም» አልኩት። ያንን ለማለት እንግሊዝኛዬ በቂ ነበር።

ከመጋዘኑ ማዶ ያለው ሜዳ ሰፋሪዎች የሚጫኑበት ነበር። ቅዳሜ ከረጢት ስቆጥር ከቆሙት መኪናዎች በአንዱ ላይ የኔታን አየኋቸው። ጎኑን ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸውም አዩኝ። ሊጠሩኝ እጃቸውን አነሡ፤ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም።

«ሥራው ሆነልህ?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ።»

«ካርቶኖቹን ፀሐይ ላይ እንዳይተዉ ንገራቸው።»

«እሺ።»

ዝቅ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «አንተ ወረቀቱን ታያለህ፤ ይህ መኪና ያ በክረምት የሄደው የሄደበት ነው የሚሄድ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ተስፋ ነበር። ሚስታቸውን የሚያገኙ መስሏቸዋል። ሲወሰዱም ያልተቃወሙት ለዚህ ኖሯል።

ወረቀቱን አይቼዋለሁ። የሰፈራው አስተባባሪ እኛ በር ላይ ቆሞ ሲያነብ ከትከሻው በላይ አይቼ ነበር። የክረምቱ የሄደው ወደ ወለጋ ነው፤ ይህ ወደ ጎጃም። አዎ ብላቸው ጎጃም እስኪደርሱ ድረስ ያንን ተስፋ ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ሁለት ቀን፣ ምናልባት ሦስት።

«አይደለም የኔታ» አልኳቸው። «ያ ወለጋ ነው። ይህ ጎጃም ነው።»

«ሩቅ ነው?»

«በጣም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መኪናው ላይ ካሉት ሰዎች መሐል ተቀመጡ። ቁጭ ሲሉ ጎኑ ይጋርዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። መኪናው የተነሣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እስኪነሣ ድረስ ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ዘመኑ አልፎ ሰው ከየሰፈራው መመለስ ሲጀምር ከጎጃም የመጡትንም ከወለጋ የመጡትንም ጠይቄያለሁ። የነገረኝ የለም።

እንግዲህ የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ የማላውቀው ይበልጣል። በዚያ የነበራችሁ ሦስታችሁ ይህን ብታነቡ የጎደለውን ሙሉልኝ፤ ያጣመምኩትም ካለ አቅኑት። ልብስ ሰፊው፣ ረቡዕ ሲወሰዱ በሱቅህ በር ነው ያለፉት ይባላል፤ ያናገሩህ ነገር ካለ እንዳለ ንገረኝ። ጸሐፊው፣ ቃለ ጉባኤውን ለማን እንደሰጠህና ያ ሰው ምን እንዳለ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ከሁሉ ይልቅ የምጠይቀው አንቺን ነው። ቅዳሜ ልጅቷ መኪናው ላይ አልነበረችም። አይቻለሁ፤ አጠገባቸው አንዲት አሮጊትና ሁለት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ባለው ጊዜ አንድ ሰው ከእጃቸው ወስዷታል። ያ ሰው አንቺ ከሆንሽ፣ ወይም ማን እንደሆነ የምታውቂ ከሆነ፣ አባቷ በምን ቃል እንደሰጧትና አሁን የት እንዳለች ጻፊልኝ። ስለ እኔ ጠይቃ ከሆነም ምን ብለሽ እንደመለስሽላት ጻፊልኝ።